ስምንት ወር ሙሉ የወደቀ ጀሪካን

የምኖረው ጀሞ፣ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ውሃ ሲመጣ ግቢው ውስጥ ያለችው ቧንቧ ጋ ይደርሳል እንጂ ወደ ፎቅ አይወጣም። ስለዚህ የብሎካችን ሰው ሁሉ ጀሪካኑን ይዞ ይወርዳል፣ ሞልቶ ይወጣል። ደረጃው ጠባብ ነው። የሚወጣና የሚወርድ ሲገናኙ አንዱ የግድ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። ማን እንደሚለጠፍ የሚወሰነው በዕድሜና በተሸከመው ጀሪካን ብዛት ነው፤ ሁለቱም እኩል ከሆኑ የባሰ ፊቱን ያጠቆረው ያልፋል።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ውሃ በመጣበት ቀን፣ ጓደኛዬ ልትጠይቀኝ መጣች። ዩኒቨርሲቲ አንድ ግቢ ውስጥ ነው የተማርነው፤ እኔ ኮምፒውተር ሳይንስ፣ እሷ ግራፊክስ ዲዛይን። አሁን ሀና ማርያም አካባቢ ባነርና የሠርግ ካርድ የምታትምባት ትንሽ ሱቅ አለቻት። እኔ ደግሞ የአንድ መሥሪያ ቤት አይቲ ክፍል ውስጥ ነኝ። ፕሪንተር ውስጥ የተቀረቀረ ወረቀት አወጣለሁ፣ የይለፍ ቃላቸውን የረሱ ሰዎች ስልክ አነሳለሁ። ስለ ሥራዬ የሚጠይቀኝ ሰው ካለ ግን «ሶፍትዌር ላይ ነኝ» እላለሁ።

ጓደኛዬ ቤቴ እስክትደርስ ሦስት ጊዜ ግድግዳ ላይ ተለጥፋ ነበር። የመጨረሻውን የለጠፏት እትዬ ናቸው። እትዬ ሁለተኛ ፎቅ የሚኖሩ ጎረቤታችን ሲሆኑ መርካቶ ጨርቅ ሲነግዱ ኖረው አሁን ያረፉ ሴት ናቸው። ዕረፍቱ ግን ደረጃውን አይጨምርም። በሁለት እጃቸው ሁለት ቢጫ ጀሪካን ይዘው ሲወጡ ማንም ፊታቸው አይቆምም።

ጓደኛዬ ትከሻዋ ላይ የቀረውን የግድግዳ ኖራ እያራገፈች ገባችና፣ «ይሄ እኮ ጌም ነው» አለች።

«ምኑ?»

«ደረጃው። ሴትየዋ ጀሪካን ይዛ ትወጣለች፣ ሰው ይወርድባታል፣ ውሃው ይፈስሳል። ሳይፈስባት አራተኛ ፎቅ ከደረሰች አሸነፈች። በስልክ የሚጫወቱት። እኔ እሥላለሁ፣ አንተ ትጽፋለህ።»

የዚያን ቀን ደስታዬን አስታውሳለሁ። ከተመረቅኩ ጀምሮ ፕሮግራም ጻፍልኝ ያለኝ ሰው አልነበረም። ብሎካችን ሥር ያለው ጁስ ቤት ወርደን ተቀመጥን፤ እሷ የወረቀት ናፕኪን ላይ ደረጃ መሣል ጀመረች። እየሣለች አንድ ቀላል ጥያቄ ጠየቀችኝ።

«በየትኛው ቋንቋ ትጽፈዋለህ?»

ለዚህ ጥያቄ የአንድ ቃል መልስ ይበቃ ነበር። እኔ ግን ጁሷ እስኪሞቅ ድረስ ተናገርኩ። ሲ ፕላስ ፕላስ እንደምጠቀም፣ ትልልቆቹ ጌሞች ሁሉ በእሱ እንደሚጻፉ፣ ከሁሉም ፈጣን እንደሆነ፣ ያለ እሱ ጌም ሠራሁ ማለት እንደማይቻል ነገርኳት። በመሃል እሷ፣ «ሉዋ የሚባል ትንሽ ቋንቋ አለ፤ አንድ ቪዲዮ ላይ አይቻለሁ። ሥዕል ማሳየቱ፣ ድምፁ፣ ምኑ ሁሉ ተዘጋጅቶ ይመጣል። ሰዎቹ በሳምንታት ነው የሚጨርሱት» አለች።

«እሱ የልጆች መጫወቻ ነው» አልኳት።

«እኛስ ምንድን ነው የምንሠራው?»

ጭንቅላቴን ነቀነቅኩ፣ ብዙ የሚያውቅ ሰው እንደሚነቀንቀው። እውነቱን አሁን መናገር ይቻላል። ለደረጃና ለጀሪካን የሲ ፕላስ ፕላስ ፍጥነት ያስፈልግ አያስፈልግ አንድ ደቂቃ እንኳ አላሰብኩም ነበር። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በዚያ ትምህርት ጥሩ ውጤት ያመጣነው ጥቂቶች ነበርን፤ ከዚያ ወዲህ የምኮራበት ብዙ ነገር አልተጨመረልኝም። ቋንቋውን የመረጥኩት አንዳንድ ሰው የምረቃ ፎቶውን ሳሎን እንደሚሰቅለው ነው።

ሥራው ተጀመረ። ሲ ፕላስ ፕላስ ለማያውቀው ሰው እንዲህ ልበል፤ ጌሙ ለሚይዘው ለእያንዳንዱ ነገር ከስልኩ ሚሞሪ ላይ ቦታ የምትይዘው አንተው ነህ፣ የምትለቀውም አንተው ነህ። መልቀቅ ከረሳህ ስልኩ ይጨናነቃል። የለቀቅከውን ቦታ ረስተህ መልሰህ ከነካህ ደግሞ ጌሙ ምንም ሳይናገር ይዘጋል። ለጠንቃቃ ሰው ትልቅ ኃይል ነው። እኔ የቤቴን ቁልፍ ውጭ በር ላይ ሰክቼ የምገባ ሰው ነኝ።

በዚያ ላይ ምንም ዝግጁ ነገር አልጠቀምም ብዬ ነበር። ሥዕል መክፈቻውን ራሴ፣ ድምፅ ማጫወቻውን ራሴ፣ ሁሉንም ከባዶ። አንዲት መስመር በቀየርኩ ቁጥር ያቺ አሮጌ ላፕቶፕ ጠቅላላውን እንደገና እስክታዘጋጅ እጠብቃለሁ። ጥበቃው እንቁላል ጠብሶ፣ በልቶ፣ መጥበሻውን ለማጠብ ይበቃል፤ ውሃ ካለ ማለቴ ነው። በዚያ ዓመት ኪሎ ጨመርኩ።

ጓደኛዬ በበኩሏ በየሳምንቱ ሥዕል ትልክልኝ ነበር። ነጠላዋን ወገቧ ላይ ያሰረች ሴት፣ ቢጫ ጀሪካን፣ ፍራሽ ተሸክሞ የሚወርድ ሰውዬ፣ ደረጃ መሃል የተኛች ድመት። ድመቷ በተለይ በጣም ታምር ነበር። እኔ ግን አንዱንም ስክሪን ላይ ማሳየት አልቻልኩም፤ ሥዕል መክፈቻዬ ገና አላለቀም። እኔ ጋ የነበረው አንድ ቢጫ አራት ማዕዘን ብቻ ነው። ከላይ ይወድቃል፣ መሬት ሲነካ ይነጥራል፣ ይቆማል። ጀሪካን መሆኑን የማውቀው እኔ ነኝ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ትደውላለች።

«ሴትየዋ ወጣች?»

«አልወጣችም። ግን ጀሪካኑ አሁን ሲወድቅ ብታዪው...»

«ባለፈውም ይወድቅ ነበር።»

«ባለፈው እንዲህ አልነበረም። አሁን ውስጡ ያለው ውሃ ራሱ ይናጣል።»

እውነት ነበር። ሦስት ወር ፈጅቶብኝ ውሃውን ብቻ ሠርቼ ነበር። ጀሪካኑ ሲያዘነብል ውሃው ወደ አንድ ጎን ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ አፉ ጋ ደርሶ ይረጫል። በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ የሚያምረው እሱ ነው፤ አሁንም እንደዚያ አምናለሁ። የሚያሳዝነው፣ የሚሸከመው ሰው አልነበረም።

አንድ ቀን እትዬ ቤቴ መጡ። መብራት በእሳቸው በኩል ጠፍቶ ስለነበር ስልካቸውን ቻርጅ ላይ ሊሰኩ ነው። ስክሪኑ ፊት ቆመው አዩ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ጀሪካን ነው እትዬ።»

«ለምንድን ነው የሚወድቀው?»

«የመሬት ስበት ነው። እኔ ነኝ የጻፍኩት።»

ጀሪካኑ ሁለት ጊዜ ወደቀ። «ጀሪካን ሲወድቅ ለማየት ከሆነ እኮ ቅዳሜ ደረጃው ላይ ብትቆም ይበቃህ ነበር» አሉና ስልካቸውን አደራ ብለው ሄዱ።

ስምንት ወር እንዲህ አለፈ። ከዚያ በአካባቢያችን አንድ አዳራሽ ውስጥ ወጣቶች የሠሩትን የሚያሳዩበት ዝግጅት እንደሚደረግ ጓደኛዬ ሰማችና አስመዘገበችን። ጠረጴዛ ሰጡን። ከጎናችን አንዱ ከወዳደቀ እንጨት የሠራውን ወንበር፣ ሌላዋ ደግሞ በፀሐይ የሚሠራ የእንጀራ ማቆያ ይዘው መጥተዋል። ጓደኛዬ በሙያዋ ትልቅ ባነር አትማ ከኋላችን ሰቀለች፤ ሴትየዋ፣ ደረጃው፣ ድመቷ ሁሉ አሉበት። ባነሩ ሥር ስልኬን አስቀመጥኩ። ስልኬ ላይ ቢጫ አራት ማዕዘን ይወድቃል።

ከጎብኚዎቹ መጀመሪያ የመጡት ከወረዳው የተላኩ አንድ ትሑት ሰው ነበሩ። ባነሩን አይተው ደስ አላቸው፤ ስልኩን አይተው ግራ ገባቸው።

«ጨዋታው የት ጋ ነው?»

«ጨዋታው ገና ነው። ይሄ ሞተሩ ነው» አልኳቸው። በእኛ ሙያ የጌሙን መሠረት ሞተር እንለዋለን።

ሰውየው በደግነት ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። «መኪናውስ?» አሉ።

ለማስረዳት ስሞክር ሌሎች ሰዎች ተሰበሰቡ። ጥቂቶቹ በራሳቸው ስልክ ላይ እንድጭንላቸው ጠየቁኝ፤ ጫንኩ። እኔ ስልክ ላይ ጀሪካኑ ይወድቃል፤ እነሱ ስልክ ላይ ግን አንዴ ወድቆ ጌሙ ይዘጋል። እንደገና ሲከፍቱት ይወድቃል፣ ይዘጋል። የለቀቅኩትን የሆነ ቦታ መልሼ እየነካሁ ነበር፤ የቱን እንደሆነ ግን እዚያ ቆሜ የማውቅበት መንገድ አልነበረኝም። አንዲት ሴት ስልኳን መልሳ ወስዳ፣ «ስልኬን አበላሽተኸው ይሆን?» ብላ ረጋ ባለ ድምፅ ጠየቀችኝ። አላበላሸሁትም። ግን እኔም እርግጠኛ አልነበርኩም።

ምሳ ሰዓት ሲቃረብ ጓደኛዬ ከቦርሳዋ የራሷን ላፕቶፕ አወጣችና ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ከፈተችው። ሴትየዋ አለች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ ጀሪካኗን ይዛ ደረጃውን እየወጣች ነው። ባለ ፍራሹ ሰውዬ ይወርድባታል። ድመቷ ተኝታለች፤ ሲረግጧት ትጮኻለች፤ ድምፁ የጓደኛዬ የራሷ ነው። ሴትየዋ ሦስተኛ ፎቅ ስትደርስ ቧንቧው ጋ ውሃ መጥፋቱን የሚናገር ጎረቤት ከታች ይጮኻል።

በደቂቃዎች ውስጥ ሰልፍ ተሠራ። የወረዳው ሰው ኮታቸውን አውልቀው ተሰልፈዋል። ባለ ወንበሩ ወንበሩን ለተጫዋቾች አመጣ።

«መቼ ሠራሽው?» አልኳት።

«አምስት ሳምንት ሆነኝ። ሱቅ ውስጥ፣ ባነር እስኪታተም ቁጭ ስል። በዚያ በትንሿ ቋንቋ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ትከፋለህ ብዬ ነው። ደግሞ ያንተ ይደርሳል ብዬ እጠብቅ ነበር። እውነቴን ነው፤ ዛሬ ጠዋት እስክመጣ ድረስ እጠብቅ ነበር።»

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ሽንት ቤት ደርሼ ልምጣ ብዬ ወጣሁና አልተመለስኩም። ያገኘሁት ታክሲ ወደ ፉሪ የሚሄድ ነበር፤ ፉሪ ውስጥ የማውቀው ሰው የለም፤ ገባሁ። መጨረሻው ፌርማታ ላይ ወርጄ ገና በመሠራት ላይ ባሉ ቤቶች መሃል ዞርኩ። በጭንቅላቴ የምከራከረው ከእሷ ጋር ነው። ቋንቋዋ ዘገምተኛ ነው፣ እላለሁ። ነገ ሰው ሲበዛበት ይንቀረፈፋል፣ እላለሁ። አንድ ዘበኛ ቤት የምፈልግ መስሎት ባለ ሦስት መኝታ እንዳለ ነገረኝ፤ ላለማፈር ገብቼ አየሁት። ኩሽናው ጥሩ ነበር።

ሁለት ሳምንት አልደወልኩላትም። በሁለት ሳምንቱ ውስጥ ጌሙን የሚዘጋውን ስህተት አገኘሁት። አንዲት መስመር ነች፤ ከአምስት ወር በፊት የጻፍኳት። አስተካከልኳት። ጀሪካኑ አሁን በየትኛውም ስልክ ላይ ሳያቋርጥ ይወድቃል። ይህንን የምነግረው ሰው ፈለግኩ፤ ያለችኝ እሷው ብቻ ነበረች።

ሱቋ ስደርስ አንድ የሠርግ ካርድ እያስተካከለች ነበር። ሰላም አለችኝ፤ ስለ ቀረሁበት ቀን ምንም አላነሳችም። ወንበር ጎትታ ሰጠችኝ። ቁጭ እንዳልኩ፣ «ኮዱን አሳዪኝ» አልኳት።

አሳየችኝ። ሁሉም ነገር አንድ ፋይል ውስጥ ታጭቋል። ስሞቹ በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፉ አማርኛ ናቸው፤ «ውሃ»፣ «ደረጃ ሁለት»፣ «ፍራሽ ሰውዬ»። አንድ ቦታ ላይ «ይሄ ለምን እንደሚሠራ አላውቅም አትንኩት» ይላል። ለእያንዳንዱ ፎቅ ያንኑ ነገር ገልብጣ ደግማ ጽፋዋለች። ስህተት ስለቅም ውስጤን ደስ እያለው እንደነበር አልደብቅም። አስተማሪ ቀይ እስክሪብቶውን ሲያነሳ የሚሰማው ይኼ ይሆናል።

«ይንቀረፈፋል እኮ» አልኳት በመጨረሻ።

«አዎ፣ ይንቀረፈፋል። እትዬ ስልክ ላይ ጭኜላቸው ነበር፤ ሴትየዋ ሁለተኛ ፎቅ ስትደርስ ይንገጫገጭባቸዋል።»

ይህን ስሰማ ፊቴ በርቶ መሆን አለበት፤ ምክንያቱም ፈገግ አለች። ወዲያው ጠቅላላውን በሲ ፕላስ ፕላስ እንደገና ልጻፈው አልኳት። ከዓመት በታች እንደማይፈጅ ቃል ገባሁ።

«እሺ» አለች። «መጀመሪያ ግን የቱ ጋ እንደሚዘገይ እንየው። እኔ መለካት አልችልም። አንተ ትችላለህ።»

ለካሁ። ቋንቋው እንደሆነ እርግጠኛ ስለነበርኩ ውጤቱን ጮክ ብዬ ላነብላት ተዘጋጅቼ ነበር። ቋንቋው አልነበረም። ጓደኛዬ የባነር ሰው ናት፤ ሥዕል የምትሥለው ሕንፃ ላይ እንዲሰቀል ነው። ያቺ የተኛች ድመት ብቻዋን የብሎካችንን ግድግዳ መሸፈን የምትችል ትልቅ ሥዕል ነበረች፤ የእትዬ ስልክ በየደረጃው ይህንን ሁሉ ይሸከም ነበር። ሥዕሎቹን ወደ ስልክ ልክ አሳነስናቸው። አንድ የሠርግ ካርድ ታትሞ ሳያልቅ ጨረስን። ጌሙ እንደ ውሃ ፈሰሰ።

«ስለዚህ ቋንቋው ምንም ለውጥ አያመጣም ማለት ነው?» አለችኝ።

እንደዚያ ማለት እንዳልሆነ ነገርኳት፤ ይህን ጊዜ ግን በአጭሩ። የሷ ቋንቋ አምስት ሳምንት ውስጥ ሴትየዋን አስወጥቷታል። የእኔ ምናልባት አንድ ቀን አንድ ሺህ ሴቶችን በአንድ ጊዜ ያስወጣ ነበር። ደረጃችን ግን አንድ ሺህ ሴት አይችልም፤ ሁለትም አይችልም።

ከዚያ ውሃዬን አቀረብኩ። የእሷ ጀሪካን ውስጥ ውሃ አልነበረም፤ ስትጋጭ ዝም ብላ ሰማያዊ ነጥብ ትረጭ ነበር። ሦስት ወር የፈጀብኝን ሒሳብ በሉዋ መልሼ ጻፍኩት። አንድ ከሰዓት በኋላ ወሰደብኝ። ቀይሬ ወዲያው አየዋለሁ፤ እንቁላል የምጠብስበት ጊዜ አልተገኘም። ሱቁ ውስጥ ዝም ብዬ ስሠራ እሷ ሁለቴ ዘወር ብላ አየችኝ።

አዲሱን ጌም መጀመሪያ ያሳየነው ለእትዬ ነው። መነጽራቸውን አድርገው ተቀመጡ። ሴትየዋ ከቧንቧው ተነሳች፣ ባለ ፍራሹን አለፈች። ውሃው እውነተኛ ውሃ እንደሚናጥ ይናጣል። አንደኛ ፎቅ ስትደርስ ግማሹ ፈስሷል፤ ሁለተኛ ፎቅ ስትደርስ ባዶ ነው። እትዬ አራት ጊዜ ሞከሩ፤ አራቱንም ጊዜ ባዶ ጀሪካን ይዘው ቀሩ።

«ማነው ይሄን ያደረገው?» አሉ።

ጓደኛዬ ወደ እኔ ጠቆመች።

«ክዳን የለውም እንዴ?» አሉኝ።

የለውም። ስለ ክዳን ማሰብ ረስቻለሁ። ስምንት ወር ሙሉ ስለ ጀሪካን ሳስብ፣ ሰው ሁሉ ጀሪካኑን ከድኖ እንደሚወጣ፣ ክዳኑ የጠፋበትም ፌስታል እንደሚወትፍበት ልብ አላልኩም። እኔ ራሴ ፌስታል ነው የምወትፈው። በዚያው ሰዓት እዚያው ሶፋቸው ላይ ተቀምጬ ፌስታል ጨመርኩ። ስልካቸው ላይ መልሼ ጫንኩላቸው። በአምስተኛው ሙከራ አራተኛ ፎቅ ደረሱ፤ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው፣ «አሁን ሆነ» አሉ።

ጌሙ ዛሬ የእኛ ብሎክና የአጎራባች ብሎኮች ሰው ስልክ ላይ አለ፤ ከዚያም ራቅ ብሎ ሄዷል። ትልቅ ነገር አልሆነም፤ ሥራችንንም አልለቀቅንም። እሷ አሁንም ባነር ታትማለች፣ እኔም ወረቀት ከፕሪንተር አወጣለሁ። ጌሙ ላይ የእኔ ድርሻ ሲበላሽ መጠገን ነው፤ ያንን «አትንኩት» የሚለውን ቦታ ጨምሮ። እስካሁን አልነካሁትም። ለምን እንደሚሠራ እኔም አልገባኝም።

ባለፈው ሳምንት ከጀሞ ወደ ሜክሲኮ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ልጅ ስልኳን አወጣችና ጌሙን ከፈተች። የማላውቃት ሰው ስትጫወተው ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። አንገቴን ወደ እሷ አስግጌ አየሁ። ጥሩ ትጫወታለች። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለ ፍራሹን ስታልፍ ውሃው ጀሪካኑ ውስጥ ወደ ግራ ሄዶ፣ ተመልሶ፣ ፌስታሉ ጋ ሲቆም ዝም ማለት አቃተኝ።

«ውሃውን አየሽው?» አልኳት። «ውሃውን የሠራሁት እኔ ነኝ።»

ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ። ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፣ ዚፑን ዘጋች፣ ቦርሳዋን በመስኮቱ በኩል አዞረችው። ከዚያ ለረዳቱ «ወራጅ አለ» አለችው።